ጓቲማላ፦ ሲቪል የማይሾምበት ሚኒስቴር

ጓቲማላ ውስጥ ሐኪም የጤና ሚኒስትር ሊሆን ይችላል። መምህርም የትምህርት ሚኒስትር። የመከላከያን ጉዳይ ዕድሜ ልኩን ያጠና፣ በጀቱን በቁጥር፣ ታሪኩን በቀን የሚያውቅ ሲቪል ግን የመከላከያ ሚኒስትር መሆን አይችልም። ፕሬዚዳንቱ ቢፈልግ እንኳን አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በሩን ዘግቶታል።

አንቀጽ 246 እንዲህ ነው የሚለው፦ ፕሬዚዳንቱ የሠራዊቱ ጠቅላይ አዛዥ ነው፤ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ግን የመከላከያ ሚኒስትርነቱን ቦታ በያዘው ጄኔራል ወይም ኮሎኔል፣ ወይም ተመጣጣኝ ማዕረግ ባለው የባሕር ኃይል መኮንን በኩል ነው። በቃ። ሚኒስትሩ መኮንን መሆን አለበት።

ይሄ ተራ የአሠራር ዝርዝር ሊመስል ይችላል። አይደለም። የዚያችን አገር የመከላከያ ሚኒስቴር መረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ መጀመር አለበት፤ ሚኒስቴሩ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጠይቀው፣ ማንስ ሊጠይቀው እንደማይችል ብዙው ነገር የሚመዘዘው ከዚህች አንቀጽ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የመከላከያ ሚኒስትር ሥራ በየትም አገር ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የሠራዊቱን ፍላጎት ለመንግሥት ማቅረብ ነው፦ ነዳጅ፣ ደሞዝ፣ ሄሊኮፕተር። ሁለተኛው ደግሞ የሕዝቡን ጥያቄ ይዞ ሠራዊቱ ፊት መቆም ነው፦ ይሄ ገንዘብ የት ገባ? ይሄ መኮንን ለምን ተሾመ? እዚያ መንደር ውስጥ ማን ተኮሰ? ሚኒስትሩ ሲቪል ሲሆን ሁለተኛውን ሥራ ለመሥራት ቢያንስ ዕድል አለው። ጓቲማላ ላይ ግን ጠያቂውም ተጠያቂውም አንድ ዩኒፎርም ነው የለበሱት። ትናንት አብረው የተማሩ፣ ነገም በአንድ የጡረታ ሥርዓት ውስጥ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው።

ሰንሰለቱን ተመልከቱት። ከላይ ፕሬዚዳንቱ አለ። ከሱ ሥር ሚኒስትሩ፣ ከሚኒስትሩ ሥር የአገር መከላከያው ኤታማዦር ሹም፣ ከዚያ ብርጌዶቹ፣ አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ። በዚህ ሁሉ መስመር ላይ ሲቪል የሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፕሬዚዳንቱ። እሱ ደግሞ ለ4 ዓመት ብቻ መጥቶ የሚሄድ፣ ዳግም መመረጥ በሕግ የተከለከለ ሰው ነው። መኮንኖቹ ግን በ1873 ከተመሠረተው ኤስኩዌላ ፖሊቴክኒካ ከሚባለው የጦር አካዳሚ ገና በወጣትነታቸው ተመርቀው ለአሥርት ዓመታት እዚያው ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ማን ማንን እንደሚያውቅ፣ ማን ማንን ሊጠብቅ እንደሚችል ገምቱ።

እንዴት እዚህ ተደረሰ የሚለው ታሪኩን ይጠይቃል። ታሪኩ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሮች ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ሃኮቦ አርቤንዝ በ1951 ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት የመከላከያ ሚኒስትር ነበር። እሱ በምርጫ ነው የመጣው፤ መሬት ለገበሬው ማከፋፈል ሲጀምር በ1954 በሲአይኤ እጅ በተቀነባበረ መፈንቅለ መንግሥት ወረደ። በ1963 ደግሞ ኤንሪኬ ፔራልታ አሱርዲያ የሚባለው የመከላከያ ሚኒስትር የሾመውን ፕሬዚዳንት ራሱን ገልብጦ ቦታውን ያዘ። ሮሜዮ ሉካስ ጋርሲያም ከሚኒስትርነቱ ነው በ1978 ወደ ፕሬዚዳንትነት የተሻገረው። የሱ ሚኒስትር የነበረው አኒባል ጌቫራ በመጋቢት 1982 በማጭበርበር በታማ ምርጫ አሸነፈ ተባለ፤ ሥልጣኑን ሳይረከብ ግን ወጣት መኮንኖች ተነሥተው ኤፍራይን ሪዮስ ሞንትን አመጡ። ሪዮስ ሞንትን በነሐሴ 1983 የገለበጠውስ ማን ነበር? የራሱ የመከላከያ ሚኒስትር፣ ኦስካር ሜሂያ ቪክቶሬስ።

አያችሁ አይደል? ይህ ወንበር ወይ የፕሬዚዳንትነት መሰላል ነበር፣ ወይ ፕሬዚዳንቱን መጣያ።

አሁን ያለው ሕገ መንግሥት የተጻፈው በ1985፣ ያው ሜሂያ ቪክቶሬስ ሥልጣን ላይ እያለ ነው። ሥራ ላይ የዋለው በጥር 1986 ነው። አርቃቂዎቹ በምርጫ የመጡ ሲቪሎች ነበሩ፤ ብዙ ጠቃሚ አጥሮችንም አበጁ። ለምሳሌ አንቀጽ 186 መፈንቅለ መንግሥት የመራ ሰው ለፕሬዚዳንትነት እንዳይወዳደር ከልክሏል፤ መኮንንም ቢሆን ከሠራዊቱ ከወጣ 5 ዓመት ካልሞላው መወዳደር አይችልም። አንቀጽ 248 ደግሞ በሥራ ላይ ያለ ወታደር ድምፅ እንዳይሰጥ ያደርጋል። ሠራዊቱን ከፖለቲካው ለማራቅ የሚቻለውን ሞክረዋል። ነገር ግን ሚኒስቴሩን ለሠራዊቱ ትተውለታል። አንቀጽ 244 ደግሞ የሠራዊቱን ሥራ ሲዘረዝር የአገሪቱን ነጻነትና የግዛት አንድነት መጠበቅ ብሎ አላበቃም፤ የውስጥና የውጭ ጸጥታ ሲል ሁለቱንም አብሮ ጻፈ።

ያቺ «የውስጥ» የምትለው ቃል ደም የፈሰሰባት ናት። ከ1960 እስከ 1996 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከ200 ሺህ በላይ ሰው መሞቱን ወይም ደብዛው መጥፋቱን በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን በ1999 ገልጿል። ማንነታቸው ከታወቀ ሰለባዎች ውስጥ 83 በመቶው የአገሪቱ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማያ ተወላጆች ነበሩ። ከተመዘገቡት ጥሰቶች 93 በመቶው ደግሞ የመንግሥት ኃይሎችና አጋሮቻቸው ሥራ ነው ብሏል። ሠራዊቱ ያን ጊዜ «የውስጥ ጠላት» እያለ ሲዘምት የነበረው በአብዛኛው በገዛ አገሩ ገበሬ ላይ ነበር። ቁጥሩን ሳነበው ሁሌም ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ይሄ ሁሉ የሆነው መዝገብ ባለው፣ ማኅተም ባለው፣ በጀት በሚመደብለት መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ነው።

ስለዚህ በ1996 ሰላም ሲወርድ ድርድሩ ጠመንጃ ማስረከብ ላይ ብቻ አልቆመም። በመስከረም 1996 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ስለ ሲቪል ሥልጣን መጠናከርና ስለ ሠራዊቱ ሚና የሚናገር ራሱን የቻለ ስምምነት ተፈረመ። ሠራዊቱ በአንድ ሦስተኛ ይቀነስ አለ። ሥራው ከውጭ ጥቃት መከላከል ብቻ ይሁን አለ። ፕሬዚዳንቱን እጠብቃለሁ እያለ ሰው ይሰልል የነበረው የፕሬዚዳንቱ ወታደራዊ ጽሕፈት ቤት ይፍረስ አለ። የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል መሆን ይችል ዘንድ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል አለ።

ከነዚህ ውስጥ የተወሰኑት ተፈጽመዋል። ወታደራዊው ጽሕፈት ቤት በ2003 ፈረሰ፤ የፕሬዚዳንቱን ጥበቃ ሲቪል መሥሪያ ቤት ተረከበው። የሠራዊቱም ቁጥር ከተባለው በላይ ወረደ፦ በጦርነቱ ማብቂያ በወረቀት ላይ ከ40 ሺህ በላይ የነበረው በ2004 በፕሬዚዳንት ኦስካር በርገር ጊዜ 15,500 ሆነ።

ሕገ መንግሥቱ ግን አልተነካም። ወደ 50 የሚጠጉ ማሻሻያዎች በ4 ጥያቄ ታጭቀው በግንቦት 1999 ለሕዝበ ውሳኔ ቀረቡ። ከመራጩ 5 ሰው ውስጥ አንዱ እንኳን አልወጣም። ከወጣው ውስጥ ብዙው «አይሆንም» አለ። የማያ ሕዝብ በሚበዛባቸው፣ ጦርነቱ ክፉኛ በጎዳቸው በርካታ አካባቢዎች «ይሁን» የሚለው አሸንፎ ነበር፤ ዋና ከተማዋ ግን ክብደቷን ወደ ሌላኛው ወገን ጣለችው። እኔ ይሄን ውጤት ሕዝቡ ሠራዊቱን ስለወደደ የሰጠው ድምፅ አድርጌ አላየውም። የብሔረሰብ መብት፣ የፍርድ ቤት አሠራር፣ የኮንግረስ ሥልጣን፣ የሠራዊቱ ሚና ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲቀርብለት ሰው ግራ ተጋባ፤ ብዙው ቤቱ ቀረ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ጉዳይም በዚያው ተድበስብሶ ቀረ።

እና ሚኒስቴሩ ዛሬ ምን ይሠራል?

ብዙ ነገር። ከምትጠብቁት በላይ ብዙ። ድንበር ይጠብቃል። ባሕር ኃይሉ በፓሲፊክ በኩል ከፑዌርቶ ኬትሳል፣ በካሪቢያን በኩል ከሳንቶ ቶማስ ደ ካስቲያ እየተነሣ ከደቡብ አሜሪካ ኮኬይን ጭነው የሚመጡ ጀልባዎችን ያሳድዳል። በሰሜን፣ በፔቴን ደን ውስጥ የኮንትሮባንድ አውሮፕላን የሚያርፍባቸውን ስውር ሜዳዎች ያፈርሳል። ከቤሊዝ ጋር ያለው የቆየ የግዛት ክርክር በሁለቱም አገር ሕዝበ ውሳኔ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ስለሄደ፣ እዚያ በኩል የወታደሩ ሥራ በብዛት ጸብ እንዳይነሣ መጠንቀቅ ነው። ለሰላም ማስከበርም ወታደር ይልካል፤ በጥር 2006 ኮንጎ ውስጥ 8 የጓቲማላ ልዩ ኃይል አባላት በጋራምባ ፓርክ ተገድለዋል።

የሚገርሙት ግን ሌሎቹ ሥራዎች ናቸው። አንድ ሲቪል ሰው ሽጉጥ መያዝ ቢፈልግ የሚሄደው ወደ ፖሊስ አይደለም። የጦር መሣሪያ ምዝገባና ፈቃድ የሚሰጠው ዲጌካም የሚባል መሥሪያ ቤት ነው፤ የመከላከያ ሚኒስቴር አካል ነው። ልጁን ወታደራዊ ሥርዓት ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስገባት የሚፈልግ ወላጅም አዶልፎ ሆል የሚባሉት ተቋማት አሉለት፤ እነሱም የሚኒስቴሩ ናቸው። መንገድ ሲፈርስ የሠራዊቱ መሐንዲሶች ይጠራሉ። በሙስና የተጠረጠሩ ትልልቅ ባለሥልጣናት ሲታሰሩ ሳይቀር ብዙዎቹ የሚገቡት ማሪስካል ሳባላ በሚባለው የብርጌድ ግቢ ውስጥ ወዳለው እስር ቤት ነው።

አደጋስ? እሳተ ገሞራ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ ለጓቲማላ እንግዳ አይደለም። በ1976 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻ ወደ 23 ሺህ ሰው ገድሏል። ኮንሬድ የሚባለው የአደጋ መከላከል ተቋም በ1996 ሕግ ሲቋቋም፣ የጤናው፣ የትምህርቱ፣ የመንገዱ ሚኒስቴር ሁሉ የሚቀመጡበትን ብሔራዊ ምክር ቤቱን እንዲያስተባብር የተሰየመው የመከላከያ ሚኒስትሩ ነው። በሰኔ 2018 ፉዌጎ የተባለው እሳተ ገሞራ ሳን ሚጌል ሎስ ሎቴስ የምትባለውን መንደር በትኩስ አመድ ሲቀብራት፣ ጭስ ከሚወጣው አመድ ውስጥ ሰው ሲፈልጉ ከነበሩት መካከል ወታደሮችም ነበሩ። ያን ሥራ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። እዚያ የቆሙት ልጆች ብዙዎቹ የደሀ ገጠር ልጆች ናቸው።

ግን ጥያቄው ይቀጥላል፦ ለምን ሁልጊዜ ወታደሩ? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። ጓቲማላ ከአገር ምርቷ አንጻር በጣም ጥቂት ግብር ከሚሰበስቡ የላቲን አሜሪካ አገሮች አንዷ ናት። ሲቪሉ መንግሥት ሳስቷል። ገደል ጥግ ላይ ወዳለች መንደር ቶሎ የሚደርስ መኪና፣ የተደራጀ ሰው፣ በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ ተቋም ሲፈለግ ያለው ሠራዊቱ ነው። ሌላው ባዶውን ሲተው እሱ ይሞላዋል፤ በሞላው ቁጥር ደግሞ ሌላው እንዲያድግ የሚገፋ ምክንያት ይጠፋል። ሚኒስቴሩን ኃያል ያደረገው መድፉ አይደለም። መድፉማ አሮጌ ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ ማለት ያለብን የአስቸኳይ ጊዜ ሕጉን ነው። ሕገ መንግሥቱ 5 ደረጃ ያላቸው አዋጆችን ያውቃል፤ ከቀላሉ የጥንቃቄ አዋጅ እስከ ጦርነት። ከጦርነት አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው «የከበባ አዋጅ» ነው። በ1965 በወታደራዊ አገዛዝ ጊዜ የወጣው፣ እስካሁንም የሚሠራበት የሕዝብ ጸጥታ ሕግ እንዲህ ይላል፦ በከበባ አዋጅ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ አስተዳደሩን የሚመራው በሠራዊት አዛዥነቱ፣ በመከላከያ ሚኒስቴር በኩል ነው። አዋጁ በታወጀበት አካባቢ የሲቪሉ ባለሥልጣን ከወታደሩ ሥር ይገባል ማለት ነው። ሰው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊያዝ ይችላል። ኮንግረሱ አዋጁን ቶሎ አይቶ ማጽደቅ ወይም መሻር አለበት፤ የአንዱ አዋጅ ዕድሜም ከ30 ቀን አይበልጥም። ይሄ ጥሩ አጥር ነው። ግን 30 ቀን አጭር የሚሆነው ከተማ ለተቀመጠ ሰው ነው። በጥቅምት 2021 ኤል ኤስቶር ላይ የኬክቺ ማያ ነዋሪዎች የኒኬል ማዕድን ማውጫውን ተቃውመው መንገድ ሲዘጉ የታወጀው ይኸው ነው። የማዕድን ክርክር በአንድ ሌሊት የመከላከያ ሚኒስቴር ጉዳይ ሆነ።

ወታደርና ፖሊስ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚከተልም ጓቲማላ ታውቃለች። ከ2000 ጀምሮ ሠራዊቱ ፖሊስን እንዲያግዝ የሚፈቅድ ሕግ አለ። በጥቅምት 2012 የቶቶኒካፓን ኪቼ ማያዎች፣ 48ቱ ካንቶኖች በሚባለው ጥንታዊ የአካባቢ አስተዳደራቸው መሪነት፣ በመብራት ክፍያና በትምህርት ጉዳይ አውራ ጎዳና ዘጉ። ወታደር ተላከ። ቢያንስ 6 ሰዎች ተገደሉ። ወታደር የሚሠለጥነው ጠላትን ለማሸነፍ ነው፤ የተቆጣ ሕዝብን ለማረጋጋት አይደለም። ስህተቱ የተጀመረው ከተኩሱ በፊት፣ መኪናው ከካምፕ እንዲወጣ ሲታዘዝ ነው።

አሁን ወደ ገንዘብ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ቶሎ የሚሰላቸው፣ መሰላቸት ግን የለብንም። ኮንግረሱ ማንኛውንም ሚኒስትር ጠርቶ የመጠየቅ፣ እምነት የመንፈግም መብት አለው። የመከላከያ ሚኒስትሩም አያመልጥም። ግን አንቀጽ 166 በሂደት ላይ ያሉ ወታደራዊ እንቅስቃሴዎችን ከጥያቄ ነጻ ያደርጋል፤ አንቀጽ 30 ደግሞ የመንግሥት ሥራ ሁሉ ለሕዝብ ግልጽ ነው ካለ በኋላ ብሔራዊ ደህንነትን የሚመለከት ወታደራዊ ጉዳይን ለብቻ ያወጣል። ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ምስጢር ለጦር ዕቅድ ተብሎ ሲፈቀድ ደረሰኝም አብሮ ይደበቃል። በ2017 ጋዜጠኞች እንዳጋለጡት የመከላከያ ሚኒስቴሩ ለፕሬዚዳንት ጂሚ ሞራሌስ ከደሞዙ ውጪ በየወሩ 50 ሺህ ኬትሳል (የአገሪቱ ገንዘብ ነው) «ለልዩ ኃላፊነት» እያለ ሲከፍል ቆይቷል። ፕሬዚዳንቱ ሲጋለጥ ገንዘቡን መለሰ። አስቡት፦ ሠራዊቱን መቆጣጠር ያለበት ብቸኛው ሲቪል ከሠራዊቱ በጀት ጉርሻ እየተቀበለ ነበር።

ጎረቤቶቹ ሌላ ሌላ መንገድ ሄደዋል። ኮስታ ሪካ በታኅሣሥ 1948 ሠራዊቷን ጨርሳ ዘጋች፤ በ1949 ሕገ መንግሥቷም አጸናችው። ፓናማም ከ1989ኙ የአሜሪካ ወረራ በኋላ ሠራዊት የላትም። ኒካራጓ የመከላከያ ሚኒስቴር አላት፤ ሠራዊቱን ግን አያዝም፣ ትእዛዙ በፕሬዚዳንቱና በጦር አዛዡ መካከል ነው። ሆንዱራስ በ1999 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ በጦር አዛዡ ምትክ ሲቪል ሚኒስትር አስቀመጠች።

ሲቪል ሚኒስትር ግን ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ የሆንዱራስ ነገር ራሱ ያሳያል። በሰኔ 2009 ፕሬዚዳንት ማኑኤል ሴላያ ሕዝበ ምክክር ላካሂድ ሲል ሠራዊቱ ኮሮጆ አላድልም አለ። ሲቪሉ የመከላከያ ሚኒስትር ሥራውን ለቀቀ። በቀናት ውስጥ ወታደሮች ሴላያን ከመኝታው አንሥተው አውሮፕላን ላይ ጭነው ኮስታ ሪካ አወረዱት። ወንበሩ ላይ ሲቪል መቀመጡ ብቻ ሰንሰለቱን አላጠነከረውም።

በተቃራኒው መኮንን ሚኒስትርም ሕግ ያስከበረበት ጊዜ አለ። የጓቲማላ የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ጄኔራል ኤክቶር ግራማሆ በ1988 እና በ1989 የገዛ ባልደረቦቹ የሞከሩትን መፈንቅለ መንግሥት አክሽፎ የተመረጠውን ሲቪል ፕሬዚዳንት አቆይቷል። ይሄው ሰው ግን ሃርቫርድ ሊመረቅ በ1991 አሜሪካ እያለ፣ በምረቃው ዕለት የክስ ወረቀት ተሰጠው፤ በ1995 የአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤት በሥሩ ለተፈጸሙ ግድያና ማሰቃየት 47.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሕገ መንግሥቱ የአገሩን ዕጣ በአንድ መኮንን ኅሊና ላይ ሲጥል እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚሰጥህ፤ አንዱን ጎኑን ስታመሰግን ሌላው ያስደነግጥሃል።

የቅርቡ ፈተና 2023 ነበር። በርናርዶ አሬቫሎ በነሐሴ የጓቲማላን የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ሲያሸንፍ ዓቃቤ ሕጎች የምርጫ ኮሮጆ ድረስ ገብተው ውጤቱን ለመቀልበስ ተንቀሳቀሱ። በጥቅምት እነዚያው የቶቶኒካፓን 48ቱ ካንቶኖችና ሌሎች የማያ አስተዳደሮች ድምፃቸው እንዲከበር የአገሪቱን መንገዶች ዘጉ፤ ለሳምንታት። ወታደሩ እንዲወጣ የሚጮሁ ነበሩ። ሠራዊቱ ካምፑ ውስጥ ቆየ። 2012ን ለሚያስታውስ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አሬቫሎ በጥር 2024 ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ በመከላከያ ሚኒስትርነት የሾመው፣ ሕጉ እንደሚያዘው፣ ጄኔራል ነው፦ ሄንሪ ሳዬንስ።

አንቀጽ 246ን ለመቀየር ከ160 የኮንግረስ አባላት ሁለት ሦስተኛው ማለትም 107ቱ መስማማት አለባቸው፤ ከዚያም እንደ 1999ኙ ሕዝበ ውሳኔ ያስፈልጋል። የአሬቫሎ ፓርቲ በዚያ ምርጫ ያገኘው ወንበር 23 ነው።